መርዶ ወደ ናይሮቢ

ከባሌ ጋር መጨረሻ የሠራነው ተራ ነገር ኦርጋን ማጽዳት ነው። በሚሄድበት ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ኦርጋኑን አልጋ ላይ አጋድመን ቁልፎቹን በጥጥና በአረቄ ወለወልን። ሥራው እንደ ወትሮው የተከፋፈለ ነበር። ነጮቹን እሱ፣ ጥቁሮቹን እኔ። ጥቁሮቹ ቀጭን ጣት ይፈልጋሉ ይል ነበር።

"ቀስ በይ፣ አትጫኚያቸው። ሊጥ አይደለም" አለኝ።

"አረቄውን አንተ ጠጥተህ ከጨረስከው በምን ይጸዳል?" አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ሽሮ በልተን ተኛን። ሌሎች ሴቶች ከባሎቻቸው የተለያዩበትን ሲያወሩ እንባና ቃል ኪዳን አለበት። የእኛ ጥጥና ሽሮ ነው።

ባሌ ውብሸት ኦርጋን ተጫዋችና ዜማ ደራሲ ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በእግር እየተረገጠ በሚነፋ ሃርሞኒየም መዝሙር ሲማር፣ ፈረንጁ አስተማሪ ዞር ሲል ሌላ ነገር ይጫወት ነበር አሉ። ያ ሌላ ነገር በኋላ ሮክ የሚባለው ሆነ። ሱሪው ከታች ሰፍቶ፣ ጸጉሩ ከላይ ቆሞ፣ በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ከድምፃዊው ጀርባ ቆመ። የእሱ ቦታ ሁልጊዜ ከሰው ጀርባ ነው። ሽልማቱ የሚለጠፈው ዘፋኙ ግንባር ላይ፣ ጭብጨባውም ለዘፋኙ፤ ዜማውን ማን እንደሠራው የሚያውቁት አስተናጋጆቹና እኔ ብቻ ነን። አብዮቱ ሲመጣ ሰዓት እላፊ መጣ። ጨፋሪው እስኪነጋ ተቆልፎበት ያድር ጀመር፣ ባሌም ከወተት ሻጩ እኩል ቤት ይገባ ጀመር። በኋላ ቀበሌው ለኪነት ቡድን መለመለው። ለእኔ ብሎ የሠራውን አንድ ዘፈን ኮሚቴው አየና "ግለኝነት ይታይበታል" ብሎ ስሜን አውጥቶ በቦታው ምርትን አስገባ። በሰልፍ ቀን ሰፈሩ ሁሉ "ምርቴ ሆይ ናፈቅሽኝ" እያለ ሲያልፍ በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ።

በዚህ ማግስት ባንዱ የናይሮቢ ሆቴል ኮንትራት ሲያገኝ ሂድ አልኩት። ለአንድ ዓመት ነበር። ባንዱ አልተመለሰም። ውብሸትም "ትንሽ ጠብቂ" እያለ ሦስት ዓመት አስጠበቀኝና ሞተ።

ወሬውን ይዛ የመጣችው አውሮፕላን ላይ የምትሠራ የጎረቤት ልጅ ናት። የእድራችን ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ መጥተው እንደ ወጉ አረዱኝ። ሬሳ ስለሌለ ፎቶግራፉን ወንበር ላይ አስቀምጠን አለቀስን። ሰው በፎቶግራፍ ፊት ሲያለቅስ ትንሽ ያፍራል። እኔ አፍሬያለሁ። ስለዚህ መቃብሩን ሄጄ ሳላይ አላርፍም አልኩ።

መውጫ ቪዛ ለሞተ ባል አይሰጥም። ጉዳዩን የያዘው ሰውዬ "ከሞተማ ምን ትሠሪለታለሽ?" አለኝ፤ እንደ እሱ አነጋገር ክርክር የለውም። በሌላ ቀን ለሌላ ሰው ባሌ በጠና ታሞብኛል ብዬ አመለከትኩና ተሰጠኝ። ለበሽተኛ ይሰጣል። እህቴ ዋስ ሆነች፤ ቀኑ ካለፈብኝ የምትጠየቀው እሷ ናት። ውሸቱ እንዳይነቃ ጥቁር ልብሴን አውልቄ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩና የአበባ ቀሚስ ለበስኩ። ለባንዱም ቴሌግራም መታሁ። ቴሌግራም እንደሚነበብ ስለማውቅ "የታመመውን ባሌን ልጠይቅ እመጣለሁ" አልኩ። የኋላው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህች ቃል ነው።

ሰኞ

የአውሮፕላን ገንዘብ ስለሌለኝ በሞያሌ በኩል በምድር ሄድኩ። አውቶቡሱ እስከ ዲላ ድረስ በየኬላው ቆመ። ፈታሾቹ የኮንትሮባንድ ቡና ይፈልጋሉ። የአንዲትን አሮጊት መቀነት ፈትተው አንድ እፍኝ ቡና አገኙና ፀረ ሕዝብ የያዙ ያህል ደስ አላቸው። ዲላ ያደርኩበት አልቤርጎ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ትኋኑ ነው። ባለቤቷ ግን ብቻዬን መሆኔን አይታ የራሷን ብርድ ልብስ አመጣችልኝ፤ "ይኼኛው ንጹሕ ነው" ስትል የሌላው ምን እንደሆነ አብራ ነገረችኝ።

ማክሰኞ

ከዲላ በታች አፈሩ ይቀላል። ኩይሳው እንደ ጭስ ማውጫ ቆሟል፣ ግመል አለ፣ ሰው የለም። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ሐሊማ ትባላለች፤ በሞያሌና በናይሮቢው ኢስሊ መካከል ጨርቅ የምትነግድ፣ ድምፅዋ ከሞተሩ በላይ የሚሰማ ሴት ናት። ያቤሎ ሳንደርስ ያለኝን ሁሉ አስለፈለፈችኝ።

"እና ሙቶብሽ ነው በአበባ ቀሚስ የምትዞሪው?" አለችኝ።

"ድንበሩን እስካልፍ ነው።"

"አላህ ይርሐመው። አይዞሽ፣ ሐዘን ጨርቅ ላይ አይደለም፤ እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።"

ሞያሌ ቤቷ አሳደረችኝ። ሩዝ በፍየል ሥጋ በላን። እኛ ቀበሌ ሩዝ ከመጣ ለበዓል ነው፤ እሷ ለድመቷም ሰጠች።

ረቡዕ

ድንበር ላይ ያለው መኮንን ወረቀቴን ገልብጦ ገልብጦ "ምኑን ነው ያመመው?" አለ።

"እዚያ ስደርስ ነው የማውቀው" አልኩ። ውሸት አልነበረም።

"ይማርልሽ።"

"አሜን" አልኩና አለፍኩ።

በኬንያ በኩል የሐሊማ ዘመድ የጭነት መኪና ነበረው። ባቄላና ቅቤ ጭኗል፤ እኛ ከሾፌሩ ጎን ተጨናንቀን ሻንጣዬ ከላይ ሆነ። መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ ድንጋይ ነው ያለው። ሽፍታ ስላለ መኪኖቹ ተጠባብቀው በፖሊስ ታጅበው ነው የሚሄዱት። አገራችን መንገዱ መጥፎ ነው ብዬ ያማረርኩትን ሁሉ በልቤ መለስኩ። ማርሳቢት ስንደርስ አንዱ የቅቤ ቆርቆሮ ተገልብጦ ሻንጣዬን አጥግቦት አገኘነው። ጥቁር ልብሴ እንደ ሙሽራ ጸጉር ለስልሷል። ሐሊማ በሳሙናም በአመድም ሞከረች፤ ቅቤው ጨርሶ አልለቅም አለ። "ይህንን ለብሰሽ ለቅሶ ብትሄጂ ድመት ይከተልሻል" ብላ ከራሷ ጭነት ብርቱካንማ ሻሽና ነጠላ የመሰለ ስስ ልብስ አውጥታ ሰጠችኝ።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ አቧራ። ኢሲዮሎ ላይ አስፋልት ጀመረ። ከዚህ ውጭ የሚጻፍ የለም።

ዓርብ

ናይሮቢ በደንብ የተጠረገች፣ በግራ የሚነዳባት፣ ለራሷ ከፍ ያለ ግምት ያላት ከተማ ናት። ስኳር በየሱቁ ተቆልሎ ያለ ሰልፍ ይሸጣል። መጀመሪያ ሳየው የሞተ ሰው ያለበት ሱቅ መስሎኝ ነበር፤ እንዴት ሰው አይሰለፍም? ማታቱ የሚሉት ታክሲ ሰውን እንደ በርበሬ ጠቅጥቆ ይጭናል፤ የእኛ ሴይቼንቶ ታክሲ ጠባብ ቢሆንም ቢያንስ አይዘፍንም። ሻዩ ከወተት ጋር አብሮ ይፈላል፣ ሻይም ወተትም አይሆንም። ኡጋሊ የሚባለው ምግባቸው ገንፎ ሊያገነፋ ተነስቶ መሃል ላይ ተናዶ የተወው ሰው ሥራ ነው።

ባንዱ የሚኖረው ኪሊማኒ በሚባል ሰፈር በምትገኝ አንዲት የሐበሻ ምግብ ቤት ጓሮ ባሉ ክፍሎች ነው። ባለቤቷ ትርንጎ ትባላለች፤ ውብሸት የሚበላው እሷ ዘንድ እንደነበር በደብዳቤው ጽፎልኝ ነበር። ሐሊማ በሩ ላይ አውርዳኝ "ይህን እሑድ አሳልፌ በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት ነው የምመለሰው፤ ከዚያ በኋላ መኪና አታገኚም" ብላ ሄደች። ፈቃዴም ከዚያ አያልፍም።

ትርንጎ በብርቱካንማ ሻሽ ተሸላልሜ ስታየኝ ፊቷ ተለዋወጠ። አቅፋ ስማኝ ስትጨርስ እንደገና ሳመችኝ። የወጥ ቤት ሠራተኛዋ ዋንጂኩ እጄን በሁለት እጇ ይዛ "ፖሌ ሳና፣ ማማ" አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ትርንጎ ቶሎ ብላ "ለመንገዱ ድካም ነው እንዲህ የሚሉት" አለች።

ወንበር ላይ ሳልደላደል ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ ሳሚ ነው፣ የባንዱ ድምፃዊ፤ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር ያደርጋል። ሌላው አቶ ኃይሉ፣ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ቢሮ የሚሠሩ፣ ከረባታቸውን ለምግብም የማይፈቱ፣ የአበሻው ሁሉ ሽማግሌ እኔ ነኝ የሚሉ ሰው ናቸው።

"ውብሸትን..." ብዬ ጀመርኩ። የት ቀበራችሁት ልል ነበር።

"ሞምባሳ ነው!" አለ ሳሚ። "ዊቢ ሞምባሳ ነው ያለው፣ እትዬ ስንዱ። ለሥራ። ድኗል እኮ!"

"ድኖ ነው የሄደው" አሉ አቶ ኃይሉ። "የባሕሩ አየር ይስማማዋል ተብሎ ነው።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ቴሌግራሜን አምነውታል። አልሰማችም ብለው ሊደብቁኝ ተስማምተዋል፤ ወጉ ነውና ቀን ቆርጠው፣ አብልተው አጠጥተው፣ ጎህ ሲቀድ ሊያረዱኝ ነው።

ወዲያው ብናገር ያልቅ ነበር። ግን ትርንጎ ሳህን እየገፋች "ውብሸት ይህን ቅንጬ እንዴት እንደሚወድ! ሲበላ ጣቱ አያርፍም እኮ፣ ጠረጴዛውን ይደበድበዋል" አለች። አራት ወር ሙሉ ስለ ባሌ ማንም እንደ ሕያው ሰው አላወራልኝም ነበር። ሁሉም "ነፍሱን ይማረውና" ብሎ ይጀምራል። አፌን ዘጋሁና በላሁ። ባልን "ዊቢ" ማለት ግን ምን የሚሉት ነው? ለውሻ ያንሳል።

ቅዳሜና ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት

በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት በልቼ አላውቅም። መርዶ የሚነገረው ሰው ከዚያ በኋላ እህል ስለማይቀምስ አስቀድሞ ይጠግባል፤ እነሱ ግን ሳምንቱን ሙሉ ዋዜማ አደረጉት። ጠዋት ቅንጬ፣ ቀን ጥብስ፣ ማታ ዶሮ። "ብዪ ስንድዬ፣ ከስተሻል" ትለኛለች ትርንጎ። አዲስ አበባ በራሽን ስንዴ የከሳሁትን በናይሮቢ ውሸት ወፈርኩ።

ውሸቱም አብሮኝ ወፈረ። መጀመሪያ ቀን ውብሸት ሞምባሳ ነበር። በማግስቱ ትርንጎ ረስታ ኪሱሙ አለችው። አቶ ኃይሉ ሁለቱን ለማስታረቅ "ከሞምባሳ ወደ ኪሱሙ የሚዞር ፕሮግራም ነው" አሉ። ስልክ የለም ወይ ስል ስልኩ ተበላሽቷል፤ ደብዳቤ ስል ፖስታው ቀስ ይላል። ሲጋራ አቁሟል። ወፍሯል። አንድ ፈረንጅ ሸክላ አሳታሚ ኦርጋኑን ሰምቶ እጁን ጨብጦታል። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ያለ እሱ ባንዱን አልቀበልም ብሏል።

ይህን ሁሉ ዝም ብዬ ስሰማ በሆዴ የምለውን ብናገር ማዕዱ ይበተን ነበር። በሕይወቱ ማንም ስሙን ያልጠራውን ሰው፣ ከሞተ በኋላ አለቃ አደረጉት። ዕድሜ ልኩን ከሳሚ ጀርባ ያቆሙት እነዚሁ ናቸው። አሁን ወደ ፊት አወጡት፤ እሱ ግን የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳሚን "ኦርጋኑንም ይዞት ሄደ?" አልኩት።

"አይ፣ እሱማ እዚህ አለ። እዚያ... የሆቴሉን ነው የሚጫወተው።"

ምግብ ቤቱ ጥግ ላይ፣ በላዩ የሳህን ቁልል ተደርጎበት አየሁት። ሳህኖቹን አንስቼ ክዳኑን ከፈትኩ። ነጮቹ ቁልፎች እንደ ጥርስ ነጭ ናቸው። ጥቁሮቹ ላይ ግን የጣት እድፍና ዘይት እንደ ቅርፊት ተጋግሮባቸዋል፤ ከአዲስ አበባ ከወጡ ጀምሮ ጨርቅ አልነካቸውም።

"ይህ ምንድን ነው?" አልኩት።

ሳሚ መነጽሩን አወለቀ። "ነጮቹን ብቻ ነው የሚያጸዳው። ሁሌ እንስቅበት ነበር። ጥቁሮቹንስ ስንለው፣ የእነሱ ባለቤት አዲስ አበባ ናት፣ የሰው ሥራ አልነካም ይለን..." አለና ቆመ። "ይለናል" ብሎ ጨረሰው፤ ከዚያ ሲጋራ ልግዛ ብሎ ወጣ። ሲጋራው ኪሱ ውስጥ ሆኖ ይታየኛል።

ከትርንጎ ጥጥ፣ ከመደርደሪያው ላይ ጂን ለመንኩ። አረቄ የለም፤ እዚህ አገር ኦርጋን እንኳ በፈረንጅ መጠጥ ነው የሚጸዳው። ጥቁሮቹን አንድ በአንድ ወለወልኳቸው። ዋንጂኩ ከወጥ ቤት በር ቆማ አየችኝና ሌላ ጥጥ አመጣችልኝ። በዚያ ቤት እኔን ያልዋሸችኝ እሷ ብቻ ናት፤ የመጀመሪያ ቀን "ፖሌ ሳና" ብላ ስታዝንልኝ እውነቱን ነግራኛለች።

ዓርብ፣ ሁለተኛው

ሐሊማ ከኢስሊ ጨርቅ ልታሳየኝ በሚል ሰበብ መጣች፤ ሳቋን መያዝ አቅቷት ጓሮ ጎተተችኝ።

"አንቺ! ላንቺ ድንኳን እየተከራዩ ነው እኮ!"

"ለእኔ?"

"የእኛ ሰፈር ሰው ነው ድንኳንና ወንበር የሚያከራይ። አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ መጥቶ ለእሑድ ጎህ አዘዘ። ሦስት ቀን ትቀመጣለች፣ ከዚያ መቃብር እንወስዳታለን አለ። ቄሱም የሚመጡት እሑድ ነው። ምነው አትነግሪያቸውም? እኛ ዘንድ በሞተበት ቀን ይቀበራል፣ በሞተበት ቀን ይነገራል። እናንተ ሬሳ እንደ ጎረምሳ ትደብቃላችሁ።"

መሳቅ አልቻልኩም። እሑድ ጎህ እነሱ ሊያረዱኝ፣ እሑድ ጠዋት መኪናዬ ሊነሳ። ሦስት ቀን ከተቀመጥኩ ፈቃዴ ያልፋል፣ እህቴ ትያዛለች። ካልተቀመጥኩ መቃብሩን ሳላይ እመለሳለሁ፤ እንደገና በፎቶግራፍ ፊት ልቀመጥ ነው። ብነግራቸው ደግሞ ሞምባሳ ያለው፣ የወፈረው፣ ሲጋራ ያቆመው ውብሸት እዚያው ያበቃል። ይህን ለሐሊማ አልነገርኳትም፤ እሷ ግን ሴት ናት፣ ፊቴን አየችና ሳቋን ተወች።

"ንገሪያቸው፣ እህቴ" አለች ቀስ ብላ። "ገላግያቸው።"

ያን ማታ ትርንጎ ክትፎ አቀረበች። ሁሉም ነበሩ። እኔ በላሁ፤ እነሱንም "ብሉ እንጂ፣ ሳሚ ጨምር፣ አቶ ኃይሉ ይጉረሱ" እያልኩ በእጄ አጎረስኩ። ደስ አላቸው። ልቤ የረጋ መሰላቸው።

ቅዳሜ

ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ቅቤ የጠጣውን ጥቁር ልብሴን ለበስኩ፤ ይሽተት። የአቶ ኃይሉ ፎቅ ከምግብ ቤቱ ብዙም አይርቅም። ዘበኛውን አልፌ በራቸውን አንኳኳሁ። በቢጃማ ወጡ፤ ያለ ከረባት ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

"ወይዘሮ ስንዱ! በደኅና?"

"ማታ በልተዋል፣ አቶ ኃይሉ?"

"አዎ... አብረን አይደል እንዴ የበላነው?"

"እንግዲያው ልብስዎን ይልበሱና ይከተሉኝ። ያለ ሽማግሌ አይሆንም።"

ጥቁሬን አዩ። ለብሰው ተከተሉኝ። ትርንጎን ከአልጋዋ አስነሳኋት። ከዚያ የጓሮውን በር አንኳኳሁ። ሳሚ ጋቢ ተከናንቦ ወጣ፤ ከኋላው ሁለቱ ተጫዋቾች ዓይናቸውን እያሹ ቆሙ።

"እትዬ፣ ምነው? ምን ሆንሽ?"

ለእኔ የተነገረኝን አነጋገር አስታወስኩ። ሽማግሌዎቹ ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ነበር፤ ዓለም ከንቱ ነው ብለው ጀምረው ነበር። እኔ አልዞርኩም።

"ሳሚ፣ ወንድምህ ውብሸት ሞቷል" አልኩ። "እናንተ ቀብራችሁታል። ያረዳችሁ ሰው ግን የለም። እኔን ልታረዱኝ ስትጨነቁ አንድም ቀን ሳታለቅሱ ከረማችሁ። እኔ ሰምቼ፣ አልቅሼ ነው የመጣሁት። ይኸው ነገርኳችሁ።"

ሳሚ መጀመሪያ አቶ ኃይሉን አያቸው፤ ምስጢሩን ያወጣው ማን ነው እንደማለት። ከዚያ እኔን አየ። ከዚያ እንደ ቆመ ወደ ታች ወረደ፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠና "ወንድሜን! ወንድሜን!" ብሎ ደረቱን መታ። ብዙ ሰው ስለ ብዙ ነገር ሲያንጎራጉር ሰምቻለሁ፤ ዘፋኝ ሲያለቅስ ድምፁ እንዲህ ጎርናና መሆኑን አላውቅም ነበር። ትርንጎ ራሷን ያዘች። አቶ ኃይሉ ግድግዳው ላይ ግንባራቸውን አስደገፉ።

"ድንኳን ብንጥል አዲስ አበባ ይሰማል ብለን ነው" አለ ሳሚ፣ ትንፋሹን ሲያገኝ። "አንቺ ሳትሰሚ ማልቀስ ነውር ነው አሉን። ቀበርነውና በዚያው ማታ መድረክ ወጣን። ሳቅን እኮ፣ እትዬ! ፈረንጅ እያየን ሳቅን!"

"በምን ሞተ?"

"ወባ። ከኪሱሙ ይዞት መጣ። ተኛ አልኩት፤ እሱ ግን ዛሬ ያንተ አዲስ ዘፈን አለ፣ ማን ይጫወትልሃል አለኝ። ሲጫወት ላቡ ቁልፉ ላይ ይንጠባጠባል። ሆስፒታል ስንወስደው ዘግይተን ነበር።"

ስለዚህ ኪሱሙ ያለችው ትርንጎ ሙሉ በሙሉ አልዋሸችም።

ድንኳኑ በአንድ ቀን ቀድሞ መጣ። ሐሊማ ወንበሮቹን ራሷ አስጭና መጥታ ደረደረች፣ በነጋዴ ድምፅዋ ሰው አስቀመጠች። ከካሳራኒም ከኢምባካሲም ሰፈር አበሻ ተጠራርቶ መጣ። እኔ ግን ልቅሶው ውስጥ ብዙ አልቆየሁም፤ ቀትር ላይ ወደ መቃብሩ ወሰዱኝ።

መቃብሩ ከከተማው ዳር ነው። ራስጌው ላይ ያለው እንጨት በእንግሊዝኛ ፊደል "ዊቢ፣ ኦርጋን" ይላል፤ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ። ግርጌው በኩል የመቃብሩ ዘበኛ ሱኩማ ዊኪ የሚሉትን ጎመን ተክሏል። ጎመኑ ደልቧል። እኛ አገር ቢሆን ሰው ይጣላል። ዘበኛው ሲያየኝ ደንግጦ ሊነቅለው ጎነበሰ፤ ተው አልኩት። አጠጥቶታል፣ አረሙንም ነቅሎለታል፤ ከባንዱ ይልቅ ለባሌ ውለታ የዋለለት እሱ ነው። ሳሚ ከከሰል ቁራጭ አንስቶ እንጨቱ ጀርባ ላይ በአማርኛ "ውብሸት" ብሎ ጻፈ፤ ድንጋይ አሠራለታለሁ አለ። አላመንኩትም። ስሙን ግን አጥርቶ ነው የጻፈው።

እዚያ አለቀስኩ። ስለ ልቅሶው አልጽፍም።

እሑድ

አቶ ኃይሉ ከረባታቸውን አስረው መጡና ኦርጋኑን ይዘሽ ሂጂ አሉ። የሳሚ ፊት አመድ ሆነ። ያለ እሱ ሥራ የላቸውም። ተውኩላቸው። ከሰሜን ጦርነት የተመለሰ ጉዳተኛ በሞላበት አገር ኦርጋን ተሸክሜ ኬላ ለኬላ ስለ ሮክ ላስረዳ አልፈልግም። ብቻ ሳሚን ጠርቼ "ነጮቹን እንደፈለግህ አድርጋቸው። ጥቁሮቹን ግን በየሳምንቱ በጥጥ ትወለውላለህ፤ አትጫናቸው" አልኩት።

"እሺ፣ እትዬ" አለ። መነጽሩን አላደረገም ነበር።

ትርንጎ ለመንገድ ዶሮ ቋጠረችልኝ። ዋንጂኩ አንድ እሽግ ሻይ ቅጠል ሰጠችኝ፤ ያለ ወተት አፍልቼ ስጠጣው ምንም አይልም። በሐሊማ መኪና በመጣሁበት ድንጋይ ተመለስኩ። ድንበሩ ላይ ያው መኮንን "ተሻለው?" ብሎ ጠየቀኝ። "አርፏል" አልኩት። ደስ ብሎት ማኅተሙን መታ።

እህቴን በሰላም አገኘኋት። ባሌ የሠራት ያቺ የምርት ዘፈን አሁንም በሰልፍ ቀን ታልፋለች፤ አሁን በር ላይ አልቆምም።

ከተመለስኩ ወዲህ የእድራችን መርዶ ነጋሪ እኔ ነኝ። ከሰሜን ስም ብቻ የሚመጣበት ቤት በዝቷልና ሥራ ፈትቼ አላውቅም። ቀን አላስቆርጥም፣ ብሉ ጠጡ አልልም። በር አንኳኩቼ እገባለሁ፣ ቆሜ እናገራለሁ። ከዚያ እቀመጣለሁ።